መጀመሪያ ባዶዋን አሳዩኝ

ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከኋላዬ የቆመው ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ፣ «አንተ፣ ያቺ የሰገራ ደንበኛህ ሞተች አሉ» አለኝ። ጎማህ ተንፍሷል በሚባልበት ድምፅ ነው ያለው።

«የቷ?» አልኩት። የቷ እንደሆነች አውቃለሁ። ሀዋሳ ውስጥ የሰገራ ደንበኛ ያለው ባለባጃጅ እኔ ብቻ ነኝ።

«ያቺ የበረዶ ሳጥን ይዛ የምትዞረዋ። ታይፎይድ ነው አሉ የገደላት።»

ይቺን የመጨረሻዋን ስሰማ ከድንጋጤው ንዴቱ ቀደመ። ዶክተር እቴነሽ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሁሉም በሽታ ታይፎይድ አይደለም እያሉ ነው። ከግማሽ ቀን በላይ የጠበቅኩትን ሰልፍ ትቼ ወጣሁና ለቤዛ ደወልኩ። ቤዛ ላብራቶሪ ውስጥ አብራቸው የምትሠራ የመጨረሻ ተማሪያቸው ናት። አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄደው ደረጃ ላይ እንደወደቁ፣ ሐኪሞቹ ልብ ነው እንዳሉ፣ አስከሬኑም ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ድሬዳዋ እየሄደ እንደሆነ ነገረችኝ። ሰዉ ታይፎይድ እያለ ነው አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች። «ቢሰሙ በሳቅ ይሞቱ ነበር» አለች፤ ከዚያ ያለችውን ራሷ ሰምታ ስልኩን ዘጋች።

የተዋወቅነው በግጥም ምክንያት ነው። እኔ ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቁሜ ግጥምን ከሬዲዮና በውሰት ካገኘኋቸው መጻሕፍት የለቀምኩ ሰው ነኝ። ሌሎች ባጃጆች ኋላ ላይ ጥቅስ ይለጠፋል፤ የኔ ላይ የራሴ ግጥም አለ፤ ሲሰለቸኝ ልጬ ሌላ አስጽፋለሁ። ያን ሰሞን የነበረው ይህ ነው፦

ሌሊቱን በሙሉ ሐይቁ ሲያለቅስ ቢያድር፣
እኔ ነኝ የሰማሁ፣ ሌላ ማን ሊናገር።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሰው ስጠብቅ አንዲት ቀጠን ያሉ ሴትዮ ከኋላ ቆመው ሲያነቡ በመስታወት አየኋቸው። አንገታቸው ላይ ሁለት መነጽር ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ለቅርብ አንዱ ለሩቅ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያነሱት የተሳሳተውን እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅኩት። አንብበው ጨርሰው ወደ መስኮቴ መጡ።

«ሰምተኸዋል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ሐይቁ ሲያለቅስ።»

«ግጥም እኮ ነው እናቴ።»

«ግጥም ከሆነማ የባሰ መስማት ነበረብህ አቦ» አሉና የበረዶ ሳጥናቸውን ይዘው ገቡ። እዚያው ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ድረስ ያወራነው ስለዚያ ግጥም ነው። ሌሊት ሌሊት የት እንደምሆን ጠየቁኝ። እንቅልፌን እተኛለሁ አልኩ። ታዲያ ማን ነው የሰማው ብለው ሳቁ። ሒሳብ ከፍለው ሲወርዱ ማግስቱን ጠዋት እንድመጣ ቀጠሩኝ። ተሰድቤ እንደተሾምኩ ተሰማኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳቸው ኮንትራት ሆንኩ።

እርስዎ ስላቸው ይቆጡ ነበር። «ድሬ እርስዎ የሚባል ሰው የለም፤ ጳጳሱም አንተ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን አልቻልኩበትም። ሰፈሩ ደግሞ ሌላ ስም ነበር ያወጣላቸው፦ የሰገራዋ ዶክተር። ይህን ስም ያውቁታል፤ አይጠሉትም። የሚጠሉት ሰው ሥራቸውን ሲጠይቃቸው ተማሪዎቻቸው «በሞለኪዩላር ደረጃ» ብለው ሲጀምሩ ነው። ያቋርጡና «ሰገራ እንመረምራለን። ማን ሰዉን እንዳሳመመው በስሙ እንጠራለን። ከየት እንደገባ እንፈልጋለን። አለቀ» ይላሉ።

ታይፎይድን በተመለከተ መጀመሪያ የተማርኩት በራሴ ሆድ ነው። አንድ ጠዋት ፊቴ ገርጥቶ አዩኝና ምን ሆነህ ነው አሉኝ። «ታይፎይዴ ተነሥቶብኝ» አልኳቸው።

«ታይፎይድህ? የግል ንብረት ነው እንዴ? ካርታ አለው?»

እንደ ከተማው ሰው ሁሉ እኔም ሆዴን ባመመኝ፣ ባተኮሰኝ፣ በደከመኝ ቁጥር ክሊኒክ ሄጄ ደም እሰጣለሁ፣ ታይፎይድ አለብህ እባላለሁ፣ መድኃኒት ገዝቼ እወጣለሁ። ያ የደም ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስት አስረዱኝ። ድሮ ታመህ የዳንከውንም፣ ዘመዱ የሆነ ሌላ ጀርምንም ታይፎይድ ነው ሊል ይችላል። «ያ ምርመራ ውሻ ነው» አሉ፤ «ለሌባም ለእንግዳም ይጮኻል። የኛው የጀርሙን ዘረ መል ፈልጎ ነው የሚያገኘው። ውሻ ሳይሆን አሻራ ነው።» ሰጡኝ ኩባያ፤ ሰጠኋቸው። ውጤቱ ሲመጣ ታይፎይድ የለም፤ ያለው ጃርዲያ ነው። ቅር እንዳለኝ አልደብቅም። ታይፎይድ ይዞት ነው ሲባል ሰው ይጠይቅሃል፣ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ለጃርዲያ ማን ብርቱካን ይገዛል? ይህን ብላቸው ለመታከሚያ ያዘዙልኝን መድኃኒትና ብርቱካን በአንድ ፌስታል አድርገው ላኩልኝ።

ከነገሮቻቸው ሁሉ ከአእምሮዬ የማይወጣው የባዶዋ ነገር ነው። ሳጥኑን ይዤ ላብራቶሪ ድረስ ስገባ አይቻለሁ። ጣት የማታህል የፕላስቲክ ብልቃጥ አለች፤ የእያንዳንዱ ሰው ናሙና ለብቻው በየብልቃጡ ይገባል። ከመሃላቸው አንዷ ውስጥ ግን ሰገራ አይገባም፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ። ሁሉም አብረው ማሽኑ ውስጥ ይገባሉ። ጀርም ያለበት ብልቃጥ ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፤ በርቷል ይላሉ። ተማሪዎቹ ይሄ በራ፣ ያ በራ እያሉ ሲሯሯጡ ዶክተር አንዱን መነጽር አውልቀው ሌላውን እያደረጉ፣ «መጀመሪያ ባዶዋን አሳዩኝ» ይላሉ። ምንም የሌለባት ብልቃጥ ከበራች አንድ ቦታ እጃችን ቆሽሿል ማለት ነው፤ የቀሩት ሁሉ ቢበሩም ባይበሩም አይታመኑም፣ ይጣላሉ። ቤዛ የአንድ ሳምንት ሥራዋን እንደዚህ ስትጥል አይቼ እኔን አሞኛል። ዶክተር ትከሻዋን መታ አድርገው ሻይ ሊጋብዟት ወሰዷት እንጂ አንድም ቃል አልተናገሯትም።

ይህን ነገር ከላብራቶሪ ውጭም ይዘውት ይዞሩ ነበር። ሰው ሲያወድሱላቸው፣ የሆነ መድኃኒት አዳነ ሲባል፣ ባለሥልጣን ተሳክቷል ሲል፣ «ባዶዋ የታለች?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ስለ እጅ መታጠብ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ሳሙና ታደለ፣ ንግግር ተደረገ፣ መፈክር ተባለ። ጥያቄ ያለው ሲባል ዶክተር እጃቸውን አወጡ።

«በየትኛው ውሃ?» አሉ።

ሰው ሳቀ። እሳቸው እየቀለዱ አልነበረም። መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎች ጥሩ ጥያቄ ነው ብለው ወደሚቀጥለው ጠያቂ አለፉ። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ የታደላቸውን ሳሙና ከእጅ እጅ ሲያገላብጡ ነበር።

በየትኛው ውሃ ሲሉ የትኛውን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። አዲስ ከተማ ታችኛው በኩል ብዙ ቤቶች ተጠጋግተው የሚኖሩበት ግቢ አለ፤ የሚቀዱት ከአንድ ቧንቧ ነው። ያ ቧንቧ ግቢው ጋ ከመድረሱ በፊት የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ተኝቶ ያልፋል። ላዩ ተሰንጥቆ አንድ ሰው በከመነዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠቅልሎታል። በጎማ ቤት ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ከመነዳሪ ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይዝ አውቃለሁ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ዶክተር እንዳስረዱኝ ውሃው ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጡ ይጎድላል፤ የጎደለ ቧንቧ ደግሞ ከውጭ ይስባል። ከውጭ ያለው ቦይ ነው። ክረምት ሲሆን ቦዩ ሞልቶ ይጋልባል። ባለፈው ክረምት በዚያ ግቢ ብዙ ሕፃናት ታመው ነበር። ሐና የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ ተቅማጥ ያዛትና በአጭር ቀን አለፈች። ታይፎይድ ነው ተባለ።

የሐና እናት አሁን የናቲ እናት ነው የምትባለው፤ የቀራት ናትናኤል ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ ቃል የማይጠፋባት ሴት ናት። ዶክተር መጀመሪያ ግቢው የገቡ ቀን በሲዳምኛ የሆነ ነገር ብላ ሴቶቹን አሳቀች። ምን እንዳለች ዶክተር ጠየቁኝ። «ሌላው ሰው ቡና ሊጠጣ ይመጣል፣ ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ መጣች ነው ያለችው» አልኳቸው። ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ። ቀጥለው ግን የሐናን ነገር ሰሙ፤ ሳቃቸው በዚያው ቆመ። ቧንቧው ከሚመጣው ክረምት በፊት ከቦዩ እንዲወጣ እንደሚሠሩ የነገሩኝ የዚያን ቀን ነው። ቃል አልገቡላትም። ቃል መግባት አይወዱም። እኔ ግን ሰማሁ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ትንንሽ ልጅ ላለበት ቤት ሁሉ ማንኪያ ያለው ክዳናም ኩባያ ታደለ። ጠዋት ዶክተር ራሳቸው እየዞሩ ይሰበስባሉ። የልጆቹ ሰገራ ውስጥ ያለው ጀርም ከቧንቧው ውሃ ጀርም ጋር አንድ ከሆነ፣ ከቤት ቤትም አንድ ከሆነ፣ ምንጩ ቧንቧው ነው ማለት ነው። ጠዋት ስንሄድ ሴቶቹ ኩባያውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው፣ አንዷማ በአዲስ ነጠላ ሸፍና፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እየሰጡን ነበር። አንድም ኩባያ አልቀረም። ዶክተር ገርሟቸዋል፤ ሌላ ቦታ ግማሹ እንኳ አይሞላም።

ውጤቱ ሲወጣ ላብራቶሪው ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያ ባዶዋን አዩ፤ ጸጥ ብላለች። ከዚያ የልጆቹን። ሽጌላ የሚባለው የተቅማጥ ጀርም ከቤት ቤት ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ፤ ከቧንቧው ውሃም የዚያው ጀርም ምልክት ወጣ። ቤዛ ዘለለች። ዶክተር የሩቁን መነጽር አድርገው በመስኮት ወደ ታቦር ተራራ እያዩ፣ «ይበቃል፤ በዚህ ይንቀሳቀሳሉ» አሉ።

ተንቀሳቀሱም። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ጠራ። ዶክተር ውጭ ፀሐይ ነው ብለው እኔንም ይዘውኝ ገቡ። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ናቸው፤ የመስመሮቹን ሥዕል አዩ፣ ጠየቁ፣ በመጨረሻም ቧንቧው ከክረምት በፊት እንዲነሣ ተስማሙ። ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ ብዬ አሰብኩ። ለናቲ እናት የነገርኳት እኔ ነኝ። ጀሪካኗን አስቀምጣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት ታቦር ሰፈር ካለው የኪራይ ቤታቸው ላነሳቸው ሄድኩ። ገብተው ተቀመጡ፤ ግን ወዴት እንደምነዳ አልነገሩኝም።

«ወዴት ነው ዶክተር?»

«ቆይ» አሉ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ከዚያ ልጅ እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው ነገሩኝ። የሰው ሆድ ውስጥ ከሚያሳምመው ጀርም ሌላ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የማያሳምሙ አሉ፤ ድብልቃቸው ከሰው ሰው ይለያል፤ በአንድ ትሪ የሚበሉ ወንድማማቾች እንኳ አንድ አይደሉም። ቤዛ ለመመረቂያዋ ብላ ይህን ድብልቅ ስታይ፣ የዚያ ግቢ ኩባያዎች ብዙዎቹ በሁሉም ነገር አንድ ሆነው አገኘቻቸው። ፎቶ ኮፒ።

«አንድ ውሃ የሚጠጡ ሰዎች አንድ ጀርም ሊኖራቸው ይችላል» አሉ። «አንድ ሆድ ግን ሊኖራቸው አይችልም።»

ሄድን። የናቲ እናት ልብስ እያጠበች ነበር። ዶክተር አጠገቧ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ያለ ቁጣ ጠየቋት። እሷም ያለ ፍርሃት መለሰች። የዚያን ቀን ጠዋት የጎረቤት ልጆች አልመጣላቸውም። ናቲ ግን ሆዱን ታሞ ስለነበር ተትረፍርፎለታል። ሴቶቹ ባዶ ኩባያ ይዘው ሲጨነቁ አየች።

«የሰው ዕቃ ባዶውን እንዴት ይመለሳል ዶክተር? እርስዎ ደግሞ ከሩቅ ሊመጡ ነው፤ ለኛው ብለው። ለሁሉም አካፈልኩ።»

በኛ ሰፈር ጎረቤት በሳህን ጎመን ልኮልህ ሳህኑን ባዶውን ብትመልስ ነውር ነው፤ ምንም ባይኖርህ ጨው ጣል ታደርግበታለህ። ይህን ዶክተርም ያውቃሉ። የናቲን እናት አይተው፣ ወደ ኩባያ አይተው፣ ወደ ልጁ አይተው፣ መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «በሕይወቴ ብዙ ነገር ተካፍያለሁ» አሉ፤ «ይሄን ግን ገና መስማቴ ነው።» የናቲ እናትም ሳቀች፤ ሴቶቹም ወጡና ሳቁ። ከዚያ የዶክተር ሳቅ ቆመና ሁለቱንም መነጽር አውልቀው ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ስንመለስ ለመንኳቸው። ቧንቧው በእውነት ቦይ ውስጥ ነው፣ በእውነት ተሰንጥቋል፣ ናቲ በእውነት ታሟል፣ ውሃው ውስጥም ምልክቱ ተገኝቷል፤ እርስዎ ዝም ቢሉ ቧንቧው ይነሣል፣ ማንም አይጎዳም አልኳቸው። ባጃጁን ዳር አቁሜ ዞሬ ነው የለመንኳቸው።

«ልክ ልትሆን ትችላለህ» አሉ። «እኔም ልክ ይመስለኛል። ግን ባዶ መምጣት የነበረበት ኩባያ ሞልቶ መጣ፤ ባዶዋ በርታለች አቦ። ባዶዋ ስትበራ ምን እናደርጋለን?»

«እንጥላለን» አልኩ። ሳልፈልግ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ሰብሳቢው ቢሮ ገብተው እውነቱን ተናገሩ። የልጆቹ ናሙና እንደተቀላቀለ፣ ስህተቱ የሳቸው እንደሆነ፤ ለሴቶቹ ለምን የየልጁ ለየብቻ መሆን እንዳለበት አስረድተው ቢሆን ኖሮ ይህ እንደማይሆን። ውሃው ውስጥ የተገኘውም ከአንድ ጊዜ ናሙና የመጣ ስለሆነ ብቻውን እንደማይበቃ። የናቲን እናት ስም አልጠሩም። ሰብሳቢው በትዕግሥት ሰሟቸው።

«ስለዚህ ቧንቧው ችግር የለበትም ማለት ነው» አሉ።

«እንደሱ አላልኩም። ገና አላውቅም ነው ያልኩት።»

«ለአላውቅም ደግሞ በጀት አይያዝም ዶክተር። መጀመሪያ ይወቁትና ይምጡ።»

የቢሮው በር ክፍት ስለነበር ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ በግጥም እሰድባቸው ነበር። ሰዎቹ ዶክተር እርግጠኛ ሆነው ሲመጡ አመኗቸው፤ ሐቀኛ ሆነው ሲመጡ ሸኟቸው። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐቅ የሚባለውን ነገር በጥርጣሬ ነው የማየው። ይህን ስነግራቸው፣ «ጥሩ ነው፤ ጠርጥረው፤ ግን ሳትመረምረው አትጣለው» አሉኝ።

አልተቀመጡም። ግቢው ተመልሰው ሴቶቹን ሰበሰቡ። እኔ በሲዳምኛ እያገዝኳቸው የአንድ ሰው ሆድ ከሌላው እንደሚለይ፣ ባዶ ኩባያም ቢሆን መልስ እንደሆነ አስረዱ። «ባዶውን ብትመልሱልኝ አልቀየምም፤ ባዶዋን እኔ በጣም ነው የማከብራት» አሉ። የናቲ እናት፣ «ታዲያ ቀድመው አይነግሩንም?» አለቻቸው። «ልክ ነሽ» አሉ። በሁለተኛው ዙር ግማሹ ኩባያ ባዶ ነበር። ዶክተር ባዶዎቹን ሲቀበሉ እጅ እየነሡ ነበር የሚቀበሉት፤ ሴቶቹ እስኪያፍሩ ድረስ።

እነዚያ ናሙናዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ ገቡ። መመርመሪያው ኬሚካል ግን አልቆ ነበር። ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የውጭ ምንዛሪ ተጠበቀ። ምንዛሪው ሲገኝ ዕቃው አዲስ አበባ ደርሶ ወረቀቱ አላለቀም ተባለ። ወረቀቱ ሲያልቅ በረዶ ሆኖ መድረስ የነበረበት ሞቆ ደረሰ። ዶክተር ሳጥኑን ከፍተው እጃቸውን ውስጡ አገቡና፣ ሕፃን አተኩሶት እንደሆነ እንደሚያይ ሰው ዳሰሱት። «ሞቷል» አሉ። እንደገና አዘዙ። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው እንዳይቀልጥ ጄኔሬተር ፍለጋ ሲሯሯጡ ይውላሉ፤ ነዳጅ የለም ሲባሉ ከኔ ታንክ ቀድተን ሰጥተን እናውቃለን። አዲስ አበባ የሄዱትም ለስብሰባ ብቻ አልነበረም። እግረ መንገዳቸውን አዲሱ ኬሚካል የት እንደደረሰ ሊጠይቁ ነው። ሳይጠይቁ ወደቁ።

ጎረቤቶቻቸው ታቦር ላይ በራቸው ፊት ለፊት ድንኳን ተከሉ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ፣ «ገጣሚ ነህ አሉ፤ ነገ የምታነበው ነገር አዘጋጅ» አሉኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ባጃጄን ጥላ ሥር አቁሜ ጻፍኩ። ሻማ ነበሩ አልኩ፤ ቀልጠው ያበሩ። የድሃ እናት አልኩ። ከተማው አለቀሰ፣ ሐይቁ አለቀሰ አልኩ። ወረቀቱ ሞላ፤ ዜማውም ጥሩ ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ከኋላ ወንበር መጣ፦ አይተኸዋል? ሻማ ሲሆኑ አላየሁም። ሰረዝኩ። ከተማው ሲያለቅስ አላየሁም፤ ቤንዚን ሲሰለፍ ነው ያየሁት። ሰረዝኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የቀረኝ ትንሽ ሆነ።

ማግስቱን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከፊት፣ ጎረቤት ከመሃል፤ ከአዲስ ከተማ ግቢ የመጡት ሴቶች ከኋላ ጥግ ላይ። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ታይፎይድ እንዴት ሳይታሰብ ልብ ድረስ እንደሚወጣ እየተወያዩ ነበር። ቤዛ ጥርሷን ነከሰች። ተናጋሪ ሁሉ ብዙ ምርምር አሳትመዋል አለ፤ ስለ ቧንቧው ማንም አላነሣም፤ የተጣለ ውጤት ማን ያነሣል? የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ማቀዝቀዣውን ለሌላ ሥራ እንደሚፈልጉትም የሰማሁት እዚያው ነው፤ ውስጡ ያሉት የናቲ እናትና የጎረቤቶቿ ኩባያዎች ምን እንደሚሆኑ ስጠይቅ፣ «ይታያል» አሉኝ።

ስሜ ተጠራ። ወጣሁና የቀረችኝን አነበብኩ፦

ቧንቧው ዛሬም ቦይ ውስጥ ነው።
ሄጄ አይቻለሁ።

ሰው ጠበቀ። ጋሽ ታደሰ ጭንቅላታቸውን በመነቅነቅ ቀጥል አሉኝ።

«ይኸው ነው» አልኩ።

ጉርምርምታ ተነሣ። ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ያን ጊዜ ከኋላ ጥግ የናቲ እናት ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«እኔም አይቻለሁ» አለች።

አጠገቧ የነበረችው ቆመች። «እኔም» አለች። ከዚያ ሌላዋ ተነሣች፤ ቀጥላም ሌላዋ። አንዷ ስለ ሌላዋ አልተናገረችም፤ እያንዳንዷ በራሷ አፍ፣ በየተራ። አንዷ ሴት ብቻ ሳትነሣ ቀረች። የናቲ እናት ወደ እሷ ዞር ስትል፣ «እኔ ከመጣሁ ገና ነው፣ አላየሁትም» አለች። የናቲ እናት አልገፋቻትም። «እሺ» አለቻት።

ጋሽ ታደሰ ሰዓታቸውን አይተው ወደ ጸሎት እንለፍ አሉ፤ ታለፈ።

ድንኳኑ በማግስቱ ፈረሰ። ኬሚካሉ አልመጣም። ቤዛ የማቀዝቀዣውን ቁልፍ አልሰጥም ብላ እስካሁን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች፤ እስከ መቼ እንደሚያዋጣት አላውቅም። ክረምቱ ገብቷል። ቧንቧው እዚያው ነው። ዛሬ ጠዋትም ሄጄ አይቻለሁ።